«ደረጃ ኤኤ» ሲባል ምን ማለት ነው?
የድርጅታችሁ ዌብሳይት «ደብሊው ሲ ኤ ጂ ደረጃ ኤኤ ያሟላ» ከተባላችሁ አትደናገጡ። ይህ አካል ጉዳተኞች ዌብሳይት ያለ ችግር እንዲጠቀሙ የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው። ኤ ዝቅተኛው፣ ኤኤኤ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መካከለኛው ነው፤ እሱም የደረጃ ኤ መስፈርቶችንም ጠቅልሎ ይይዛል።

ለምሳሌ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር (የብርሃን ልዩነት) ያስፈልገዋል። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ አያልፍም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመግዣው ቁልፍ ነው። ማውዝ መያዝ የማይችል ሰው በኪቦርድ ብቻ፣ ታብ እየተጫነ እዚያ ደርሶ፣ ኢንተር ሲል ቁልፉ መሥራት አለበት። ቁልፉ ላይ የጋሪ ምስል ብቻ ካለና በኮዱ ውስጥ ስም ካልተሰጠው ደግሞ፣ ስክሪን ሪደሩ (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም) «ቁልፍ» ብቻ ብሎ ሊያልፈው ይችላል፣ ማየት የተሳነው ደንበኛም ምን እንደሚጫን አያውቅም። አውቶማቲክ መፈተሻ ሁሉንም ችግር አያገኝም፤ ማውዙን ነቅላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።