መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ምንድን ነው? ከመንገድ ዳር ፍራፍሬስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የሚባለው፣ ቀድሞ ይገድለው የነበረውን አንቲባዮቲክ ተቋቁሞ መራባቱን የሚቀጥል ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው ነው፣ የታማሚው ሰውነት አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫል፤ አንዳንዱ የገባበትን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህን ችሎታ የሚሰጠው ዘረመል ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ይቀመጣል፤ ቀለበቷ ደግሞ ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው ትሻገራለች። በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞቱ ይገመታል።

ፍራፍሬ ላይ የሚገኙት እንደ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚመጡት ከሰው ወይም ከእንስሳት አንጀት ነው። መንገዱም ፍሳሽ የገባበት የመስኖ ውሃ፣ በደንብ ያልተብላላ ፍግ፣ ያልታጠበ እጅና ዝንብ ነው። በክረምት የሚሸጠውን በለስ እንውሰድ። እሾሁ እንዲረግፍ የሚነከርበት ባልዲ ውሃ ሳይቀየር ከዋለ የአንዱ ፍሬ ቆሻሻ ለሁሉም ይዳረሳል። ከዚያ ቢላው ልጣጩን ሲሰነጥቅ ላዩ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ሥጋው ይገባል፤ ብር የተቀበለው እጅም ያንኑ ፍሬ ይነካል። ሻጯን መውቀስ ተገቢ አይመስለንም፤ ቧንቧ በሌለበት ጥግ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ለሚውል ሰው ውሃ መቀየር ከባድ ነው።

በለስ፣ ፓፓያና ሀብሐብ አሲዳቸው አነስተኛ ስለሆነ ከተቆረጡ በኋላ ሙቀት ካገኙ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባባቸዋል። ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። አናናስና ብርቱካን ላይ መራባቱ ይከብደዋል፤ ሳይሞት መቆየት ግን ይችላል።

የበላው ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ አሳሳቢውም ይኸው ነው። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ለወራት ሊቀመጥና ዘረመሉን እዚያ ላሉት ሊያጋራ ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ከራስ አንጀት የወጣ ኢ. ኮላይ በመሆኑ፣ ከወራት በኋላ የታዘዘው መድኃኒት አልሠራ ሲል ከፍሬው ጋር የሚያያይዘው የለም።

ደግነቱ፣ የተላመደው መድኃኒቱን እንጂ እሳቱን፣ ሳሙናውንና ክሎሪኑን አይደለም። ስለዚህ ፍሬውን ሙሉውን ይግዙ፤ ካስቆረጡም ዓይንዎ እያየ ይቆረጥና እዚያው ይበሉት። ቤት ሲደርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ፍሬውንም ሳይቆርጡ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እያሹ ይጠቡ። የሚላጠውም ቢሆን መታጠብ አለበት፤ የሀብሐብን ልጣጭ በብሩሽ መፈተግ ይሻላል። በሳሙና ወይም በኦሞ ግን አይጠቡት፣ ፍሬው ሊመጠው ይችላል።

ያልተቆረጠ ፍሬ በበረኪና ማጽዳት ከፈለጉ መጀመሪያ አፈሩን ያስለቅቁ፤ ቆሻሻ ክሎሪኑን ይጨርሰዋልና። ሽቶ የሌለው፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 10 ሚሊ ሊትር (2 የሻይ ማንኪያ) በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ ፍሬውን ለ5 ደቂቃ ይንከሩና በሚጠጣ ውሃ ያለቅልቁ። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አይጨምሩበት፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ፀሐይ ላይ የዋለ ማንጎ በቀዝቃዛ ውሃ ከተነከረ ደግሞ በእንብርቱ በኩል ውሃውን ከነባክቴሪያው ወደ ውስጥ ይስባል፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይብረድ። የተቆረጠውን ከ5 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ፍሪጅ ከሌለ በ2 ሰዓት ውስጥ ይብሉት።

ተቅማጥ ቢይዝዎት ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይውሰዱ። አብዛኛው ተቅማጥ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል፤ መድኃኒቱ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ለተላመዱት ቦታ ይለቅላቸዋል። የ1 ሊትሩን ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ወይም የታመመው ሰው ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ፣ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊትም የሰገራ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ማሠራት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።