ሞተሪኖ ምንድን ነው?

የህዳር ጠዋት፣ ደሴ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቁልፉን ታዞራለህ፤ «ጠቅ»። ደግመህ ታዞራለህ፤ «ጠቅ»። ይሄኔ ጎረቤት ጋቢውን እንደለበሰ ብቅ ይልና ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት «ባትሪ ነው» ይልሃል።

እኔም አምኜ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በማግስቱ ጠዋት ያው «ጠቅ»። ለካ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው።

ሞተሪኖ ትልቁን ሞተር ለማስነሳት ብቻ የተሰራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ ትርጉሙም ይኸው «ትንሽ ሞተር»። ነዳጅ የሚበላው ሞተር ከቆመበት በራሱ አይነሳም፤ መጀመሪያ የሚያዞረው ይፈልጋል። ድሮ ከፊት ለፊት ብረት ሰክተው በእጅ ነበር የሚያዞሩት፣ ብረቱ መልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ይዞ ከመጣ ወዲህ ነው ሰው ከዚህ የተገላገለው።

ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው ላይ ያለ ማግኔት አንዲት ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው፣ ማለትም ከትልቁ ሞተር ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ጥርስ ጋር ያገናኛታል፣ በዚያው ቅጽበት ከባትሪው ከመቶ አምፒር በላይ ኤሌክትሪክ ይለቃል። «ጠቅ» የምትለው ያቺ ማግኔት ናት። እሷ ሰርታ ሞተሩ ካልዞረ፣ ወይ ኃይል አልደረሰም ወይ ሞተሪኖው ውስጥ ችግር አለ።

መለያው ቀላል ነው። የፊት መብራት አብራና ቁልፉን አዙር። መብራቱ ድርግም ካለ፣ ወይም «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከተንጣጣ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ራሱ ላይ የሚታሰረው ሽቦ ላልቷል፣ ነጭ ዱቄትም ይዞት ይሆናል። መብራቱ ሳይደክም አንድ «ጠቅ» ብቻ ከሆነ ሞተሪኖውን ጠርጥር። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ ሞተሪኖውን ተወው፣ ስራውን ሰርቷል፤ ነዳጅ ወይም እሳት የሚረጨው ካንዴላ ነው። ብቻ ከአስር ሴኮንድ በላይ ቁልፉን ይዘህ አትቆይ፣ ታቃጥለዋለህ።

ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለው ሙሉ ነው። ብርድ ግን ያዳክመዋል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍረዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲያድር በአንድ ቁልፍ የሚነሳ፣ ደሴ ሲያድር የሚያቃስት መኪና ካለህ መጀመሪያ ባትሪውን አስለካ።

የኛ ከተማ ሰው መፍትሄው ሌላ ነው፤ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ያቆማል። ጠዋት ይለቀውና ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ይነሳል። ለማንዋል ይሰራል፣ ለአውቶማቲክ አይሞከርም። ግን ሞተር ሳይነሳ ፍሬኑም መሪውም እንደሚከብዱ አትርሳ፤ የደሴ ቁልቁለት ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

የኔን ሞተሪኖ ኤሌክትሪሺያኑ ካርቶን ላይ ፈታው። መጀመሪያ በመዶሻ እጀታ ሁለቴ ቀስ አድርጎ ሲመታው ተነስቶ ነበር፣ «ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው» አለኝ። እውነትም ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፉት ካርቦኖች አልቀው ጥፍር አክለዋል። ተቀየሩ፣ አለቀ።

አሮጌውን ባትሪ ያ ጎረቤቴ ወሰደው። እስከ ዛሬ የሱን መኪና ያስነሳል።