የማውስ መብራት፦ እቤት ከመነካካታችሁ በፊት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ባለመብራት ማውስ ገዝቶ መጣ። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። እሱ የሚፈልገው አረንጓዴውን ብቻ ነው። ሦስት ሶፍትዌር አውርዶ ጫነ፤ አንዱም ማውሱን አላየውም። «አጎቴ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ። አልተበላሸም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ነው የገባው።

«የሚያበራ ማውስ ሁሉ ቀለሙ ይስተካከላል»

አይስተካከልም። በብዙ ርካሽ ማውሶች ላይ የቀለሙ አዟዟር ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ ያለቀ ነው። ኮምፒውተሩ ከማውሱ የሚቀበለው ክሊክና እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ መብራቱን የሚያዝበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የትኛውም ሶፍትዌር አይረዳም። ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹ ለዚያ ሞዴል ሶፍትዌር ማውጣቱን እዩ። ካርቶኑ ላይ «አርጂቢ» (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከስክሮሉ ኋላ ያለችው ትንሽ ቁልፍም ታሳስታለች። ስትጫኗት ቀለሙ ስለሚለወጥ የመብራት ቁልፍ ትመስላለች። በብዙ ማውሶች ላይ ግን የምትቀይረው ዲፒአዩን፣ ማለትም የቀስቷን ፍጥነት ነው። ቀለሙ ስንተኛው ፍጥነት ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል እንጂ ለጌጥ አልመጣም። ቀለም መረጥኩ ስትሉ ቀስቷ ከስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ የምትበረው ለዚህ ነው።

«ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት»

የግድ አይደለም። እንደ ሎጊቴክ ጂ203 ያሉ ማውሶች የራሳቸው ሚሞሪ አላቸው። ቀለሙን ጂ ሃብ በሚባለው የሎጊቴክ ፕሮግራም መርጣችሁ ማውሱ ላይ ካስቀመጣችሁ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትም ይዞት ይሄዳል። ጌሙን ተከትለው የሚለዋወጡ ኢፌክቶች ግን ፕሮግራሙ ካልተከፈተ አይሠሩም። ዊንዶውስ 11 ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዳይናሚክ ላይቲንግ የሚባል የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፤ የሚደግፈው ማውስ ከሆነ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ኦፕን አርጂቢ የሚባለው የመብራት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው። ሁለት የመብራት ፕሮግራም ባንዴ ከከፈታችሁ ግን ይጣላሉ፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

«መብራቱ ኤሌክትሪክ ይበላል»

ባለገመድ ከሆነ አትጨነቁ። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ቢበዛ የሚሰጠው 2.5 ዋት ነው። ገመድ አልባ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል። ሎጊቴክ ጂ ፕሮ ዋየርለስ ለሚባለው ማውሱ የሰጠው የባትሪ ቆይታ መብራቱ በርቶ 48 ሰዓት፣ ጠፍቶ 60 ሰዓት ነው። ነጭ የሚወጣው ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው አንድ ላይ ሲበሩ ስለሆነ ከአንድ ቀለም ይልቅ ባትሪ ይጨርሳል።

«ከሆዱ ያለውን ቀይ መብራት በሰማያዊ መቀየር ይቻላል»

እባካችሁ ይህን አትንኩ። ያ መብራት የማውሱ ዓይን ነው። ጠረጴዛውን ያበራል፤ አጠገቡ ያለች ትንሽ ካሜራ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ እያነሳች እጃችሁ ወዴት እንደሄደ ታሰላለች። ካሜራዋ የተመረጠችው ለዚያ ብርሃን ነው። ሌላ ቀለም ከገባ ቀስቷ ልትዘል ወይም ልትቆም ትችላለች። ሆዱ ምንም የማያበራ ማውስ ካላችሁም አልሞተም። ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። በስልካችሁ የፊት ካሜራ ብታዩት ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነጥብ ይታያችኋል።

«የጌጡን ኤልኢዲ መቀየር አምፖል እንደ መቀየር ነው»

የጌጡን ኤልኢዲ፣ ማለትም ቀለሙን የምታበራዋን ትንሽ መብራት፣ መቀየር ይቻላል፤ ግን ብየዳ ይጠይቃል። መጀመሪያ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። ብሎኖቹን ካላገኛችኋቸው ከሥር ያሉትን ማንሸራተቻ ፕላስቲኮች ቀስ ብላችሁ ላጡ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ይደበቃሉ። ክዳኑን በካቻቢቴ ጎትታችሁ አትገንጥሉት፤ ውስጡ ላይኛውንና ታችኛውን የሚያገናኝ ስስ ሽቦ ሊኖር ይችላል።

ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ሲፈልግ ሰማያዊው ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። ቀዩን አውጥታችሁ ሰማያዊ ብትተኩ፣ ከጎኑ ያለችው ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምትገድብ ትንሽ ዕቃ) የተመረጠችው ለቀዩ ስለሆነ ሊፈዝ ይችላል። አቅጣጫም አለው፤ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ተገልብጦ ከተበየደ አይበራም። ብየዳ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ መጀመሪያ የተጣለ ማውስ ላይ ተለማመዱ።

«ባለቀለም ፕላስቲክ ከተለጠፈ መብራቱ ያንን ቀለም ይሆናል»

እውነትነት ያለው በከፊል ነው። ፕላስቲኩ የሌሎቹን ቀለሞች ብርሃን ይይዛል እንጂ የሌለ ቀለም አይጨምርም። የእህቴን ልጅ ማውስ ከፍተን፣ ከአሮጌ የፋይል መያዣ የቆረጥነውን አረንጓዴ ፕላስቲክ ብርሃን ከሚወጣበት ክፍል ሥር አስገባን። ቀዩ ተራ ሲደርሰው ማውሱ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። አረንጓዴው ሲመጣ መልሶ ይደምቃል። አሁን አረንጓዴ እየተነፈሰ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ልጁም ሌላ ሶፍትዌር ማውረዱን ትቷል።