በታይሮይድ ምክንያት የሚጨምር ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮልህ ጨምሯል የተባለ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሆዱን ነው። ቅባት ይቀንሳል፣ ሥጋ ይተዋል፣ በእግሩ መሄድ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ ሆዱ ዘንድ ሳይሆን አንገቱ ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ወራት ሙሉ ራሱን ሲቀጣ ከርሞ ቁጥሩ አልወርድ ያለው ሰው በራሱ ማፈሩ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱን ቀድሞ የሚገልጥ ቀላል የደም ምርመራ አለና።

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧን በሁለት ክንፍ ያቀፈ ትንሽ አካል ነው። በብዛት የሚያመነጨው ቲ4 የተባለውን ሆርሞን ነው። ጉበትና ሌሎች አካላት ከቲ4 አራት የአዮዲን አቶሞች አንዱን ነቅለው ቲ3 ያደርጉታል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይህ ነው። ቲ3 ወደ ሕዋሱ አስኳል ዘልቆ የተወሰኑ ጂኖችን ያነቃል፤ ከእነርሱም አንዱ የኤል.ዲ.ኤል ተቀባይን የሚያሠራው ጂን ነው።

ኤል.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል ተሸክሞ በደም ውስጥ የሚዞር ቅንጣት ነው፤ ብዙዎች «መጥፎው ኮሌስትሮል» ይሉታል። በጉበት ሕዋስ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ ይህን ቅንጣት ሲያገኝ ይይዘዋል። ሕዋሱ በዚያ ቦታ ወደ ውስጥ ይሰረጎድና ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ቅንጣቱ እዚያው ይፈራርሳል፤ ተቀባዩ ግን ባዶውን ወደ ገጹ ተመልሶ ሌላ ይጠብቃል። ደርሶ መልሱ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህን አሠራር የገለጡት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ዕጢው ሲደክም ቲ3 ያንሳል፤ ቲ3 ሲያንስ ተቀባዮቹ ይመናመናሉ፤ ኤል.ዲ.ኤልም የሚያነሣው አጥቶ በደም ውስጥ ይቆያል። ጉበት ኮሌስትሮልን በሐሞት በኩል የሚያስወግድበት መንገድም አብሮ ይቀዘቅዛል። የሚደንቀው ታዲያ ይህ ነው፦ በዚህ ጊዜ ሰውነት የሚያመርተው ኮሌስትሮል አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሷል። ለማምረቻው ኢንዛይም ብርታት የሚሰጠውም ቲ3 ነውና። ምርቱ ቢቀንስም የሚወገደው ከዚያ በላይ ስለቀነሰ በደም ውስጥ ያለው ከፍ ይላል። ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ምርቱ ቢጨምርም ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። ልቡ በፍጥነት እየመታ፣ ያለምክንያት እየከሳ ኮሌስትሮሉ ዝቅ ያለለት ሰው እንግዲህ በቁጥሩ ሊደሰት አይገባም።

ታዲያ ኮሌስትሮል የሚያወርድ ከሆነ ሆርሞኑን ለሁሉም ለምን አንሰጥም? ልብም ስለሚሰማው ነው። ዕጢው ጤነኛ ለሆነ ሰው ሲሰጥ የልብ ምትን ሊያፋጥንና ሊያዛባ ይችላል። በልብና በጉበት የሚገኙት የሆርሞኑ ተቀባዮች በብዛት የተለያየ ዓይነት በመሆናቸው ግን፣ የጉበቱን ብቻ ለይቶ የሚነካ መድኃኒት ሲፈለግ ቆይቷል። ሬስሜቲሮም የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ጠባሳ ላስከተለ የጉበት ስብ በሽታ ተፈቅዷል፤ ኤል.ዲ.ኤልንም ይቀንሳል።

የዕጢውን ድካም የሚጠቁመው ምርመራ ቲ.ኤስ.ኤች ይባላል፤ ዕጢው ሲለግም አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ሌላ ዕጢ በዚህ ሆርሞን የሚልከው ትእዛዝ ስለሚበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ ካሉ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሕክምናው የጎደለውን ሆርሞን በሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም በመድኃኒትነት በተሠራ ቲ4፣ መተካት ነው። ቲ4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚወስድበት ውጤቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው፤ ቲ.ኤስ.ኤች እንደገና የሚለካውም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። የዕጢው ድካም ጎልቶ የነበረ ከሆነ ኤል.ዲ.ኤልም አብሮ ይወርዳል፤ ድካሙ ቀላል ከነበረ ለውጡም ትንሽ ነው።

ምርመራው ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቢሠራ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ያልታከመ የታይሮይድ ድካም ያለበት ሰው ስታቲን ሲወስድ ጡንቻው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ስታቲን ጀምሮ ጭኑና ትከሻው የታመመ ሰው ቲ.ኤስ.ኤች ተለክቶለት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።