ክሊፒንግ ማስክ ምንድን ነው?

ክሊፒንግ ማስክ በታብሌት ሥዕል ውስጥ አንድ ሌየር (እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት በሌላው ላይ የሚደረደር የሥዕል ንብርብር) ከሥሩ ባለው ሌየር ቅርጽ ውስጥ ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። የታችኛው ሌየር ወሰኑን ያስቀምጣል፤ የላይኛው ቀለሙን፣ ጥላውን ወይም ሸካራነቱን ያመጣል። ሠዓሊው በላይኛው ሌየር ላይ እጁን እንደ ልቡ ቢለቀውም ከቅርጹ ያለፈው አይታይም፤ አይታይም እንጂ አልተሰረዘም፤ ማስኩ ሲነሣ እንዳለ ይገኛል። ዘዴው ለማንኛውም ሥዕል ያገለግላል። ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ግን በሌተሪንግ ነው፤ ይኸውም ፎንት መርጦ በመተየብ ፈንታ ለአንድ ቃልና ለአንድ ቦታ ተብሎ ፊደሉ በእጅ የሚሣልበት ሥራ ነው።

የጅማ ሰው ለሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በቡና መጋዘን ደጃፍ ያለፈ ሁሉ በጆንያ ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ ያውቀዋል። ፊደላቱ ከቆርቆሮ ወይም ከወፍራም ካርቶን ላይ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ካርቶኑ በጆንያው ላይ ይደረጋል፤ ቀለም ይቀባበታል፤ ሲነሣም ፊደሉ ብቻ ይቀራል። ይህ ስቴንስል ነው። ስቴንስል ከላይ ተቀምጦ የማይፈለገውን ይከልላል፤ ክሊፒንግ ማስክ ግን ከታች ሆኖ ለሚፈለገው ብቻ ቦታ ይሰጣል። «ጅማ» የሚል ስቴንስል ሲቆረጥ የ«ማ» ሁለት ቀለበቶች ውስጣቸው ወልቆ እንዳይወድቅ በቀጭን ድልድይ መያያዝ አለበት፤ በጆንያ ላይ የሚታዩ ፊደላት የተሰነጠቁ የሚመስሉትም ስለዚህ ነው። በታብሌት ላይ የሚወድቅ ነገር ስለሌለ ድልድይ አያስፈልግም። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በጆንያው ላይ ቀለሙ ከደረቀ ወዲያ ፊደሉን ማቃናት አይቻልም፤ በክሊፒንግ ማስክ ግን ሥራው ካለቀ ከሳምንት በኋላም የአንዱን ፊደል እግር ማስረዘም ይቻላል፤ ከወሰኑ ውጭ ተደብቆ የነበረው ቀለምም አዲሱን ቦታ ወዲያው ይሞላዋል።

ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ፣ ከቀለሙ በተጨማሪ ምን ያህል ድፍን እንደሆነ የሚናገር አልፋ የሚባል መጠን ስለሚይዝ ነው። በተለመደው ባለ 8 ቢት ፋይል ይህ መጠን ከ0 እስከ 255 ይሄዳል፤ 0 ባዶ፣ 255 ድፍን ማለት ነው። ፕሮግራሙ የላይኛውን ሌየር ድፍንነት በታችኛው ልክ ይቀንሰዋል። የታችኛው ፒክስል 0 በሆነበት ምንም አይታይም፤ 255 በሆነበት ቀለሙ እንዳለ ይታያል፤ 128 በሆነበት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይታያል። የፊደሉ ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየውም በዳር ያሉት ፒክስሎች በከፊል ድፍን በመሆናቸው ነው። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስቸግር አንድ እክልም ከዚሁ ይመነጫል፤ መሠረት የሚሆነው የታችኛው ፊደል ሸካራና ቀዳዳ ባለው ብራሽ ከተጻፈ በላዩ የሚቀባው ሁሉ ተቦዳድሶ ይታያል። መሠረቱ በድፍን ብራሽ መሞላት አለበት፤ ሸካራነት ከተፈለገ ከላይ ባለው ሌየር ይምጣ።

አንድ ምሳሌ ቀርበን እንየው። በከተማችን ብዙ ቦታ የሚነበበውን «ጀበና ቡና» የሚል ታፔላ እንሠራለን እንበል። በመጀመሪያው ሌየር ላይ ፊደላቱ በክሬም ቀለም ድፍን ተደርገው ይሣላሉ። ከእርሱ በላይ አዲስ ሌየር ተከፍቶ ክሊፒንግ ማስክ ይደረጋል፤ በአይፓዱ ፕሮክሪዬት ሌየሩን ነካ ሲያደርጉት ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ይመረጣል፤ በአንድሮይድ ታብሌት በሚሠራው አይቢስ ፔይንት ደግሞ ክሊፒንግ የሚል ቁልፍ አለው። በዚህ ሌየር ላይ ከፊደሉ ግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ የተቆላ ቡና ቀለም ይቀባል። በሌላ ሌየር፣ እርሱም በዚያው መሠረት ታስሮ፣ መልቲፕላይ በሚባለው የቀለም ማዋሐጃ ጥላ ይጨመራል፤ መልቲፕላይ ሁልጊዜ ያጠቁራል ወይም ባለበት ይተወዋል እንጂ አያፈካም። በሦስተኛው ላይ የጀበና ገላ ሲያብረቀርቅ እንደሚታየው ያለ ቀጭን ብርሃን ይሣላል። ሦስቱም የታሰሩት በአንዱ መሠረት ነው፤ አንዱን ማጥፋትና መተካት ሌሎቹን አይነካም።

አሁን ፊደሉን እንመልከት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ «በ»ም «ቡ»ም አሉ። ሁለቱን የሚለያቸው በቀኙ እግር መካከል የወጣች አንዲት አጭር ሰረዝ ብቻ ናት። ያቺው ሰረዝ ወደ እግሩ ግርጌ ብትወርድ «ቢ» ይሆናል፤ ቀለበት ብትሆን «ቤ» ይሆናል። በእኛ ፊደል አናባቢው የሚኖረው በእነዚህ ትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ስለሆነ፣ የቀለምና የጥላ ጨዋታው ቅርጹን እንዳይበላው መጠንቀቅ የሠዓሊው ግዴታ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ በአንዱ ጥላውን አብዝቼ ጥቁር ቡኒ መደብ ላይ አሳትሜ አስረከብኩ። የቡናው ቤት ባለቤት ከመንገዱ ማዶ ቆመው ትንሽ ሲያዩት ቆዩና፣ «ልጄ፣ በና ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። የ«ቡ» ሰረዝ በጥላው ተውጣ ነበር። ዳግም ማሳተሚያውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ እርማቱ ግን አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቅርጹ በራሱ ሌየር ላይ ስለነበረ ሰረዟን በመሠረቱ ላይ አወፈርኳትና አስረዘምኳት፤ በላይዋ ያለውን ጥላ ብቻ በላጲስ አሳሳሁት። ፊደሉና ቀለሙ በአንድ ሌየር ተዋሕደው ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እንደገና መሣል ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማስረከቤ በፊት የታሰሩትን ሌየሮች ደብቄ ባዶውን ፊደል አነባለሁ፤ ቀጥሎም ቀለሙን መልሼ ሥዕሉን የጥፍር ያህል እስኪያንስ አሳንሼ እንደገና አነባለሁ።

ከክሊፒንግ ማስክ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው አልፋ ሎክ ነው። አልፋ ሎክ የሚሠራው በዚያው በፊደሉ ሌየር ላይ ነው፤ ባዶውን ቦታ ይቆልፋል፤ የተቀባው ቀለም ግን ከፊደሉ ጋር ለዘለቄታው ይዋሐዳል። ለፈጣን ንድፍ ይበቃል፤ ደንበኛ ነገ ሐሳቡን ለሚቀይርበት ሥራ ግን አልመክረውም። ሌየር ማስክ ደግሞ በጥቁርና በነጭ ቀለም የአንድን ሌየር ክፍል የሚደብቅና የሚገልጥ ሌላ መሣሪያ ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ፊደሉ መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ በክሊፒንግ ማስክ ለመሥራት መሞከር ነው። የሚጣል ጥላ ከፊደሉ ውጭ ስለሚወድቅ ማስኩ ይደብቀዋል፤ ስለዚህ ከመሠረቱ ሥር ባለ ነፃ ሌየር ላይ መሆን አለበት። በማስኩ ውስጥ የሚገባው ፊደሉ በራሱ ገላ ላይ የሚይዘው ጥላ ብቻ ነው።

የጅማ ታፔላ ብዙ ጊዜ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይጻፉበታል፤ አንዱ በግእዝ፣ ሌላው በላቲን ፊደል። የቀለሙ ሽግግር በሁለቱ ላይ ሳይቋረጥ እንዲያልፍ ከተፈለገ ሁለቱንም ጽሑፎች በአንድ መሠረት ሌየር ላይ ማኖር ይሻላል፤ አቀማመጣቸው እስኪወሰን ድረስ ግን ለየብቻ ይቆዩ።

በመጨረሻ ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ስሙ አንድ ሆኖ አሠራሩ የሚገለበጥበት ቦታ አለ። ብዙ ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት አዶቤ ኢላስትሬተር የሚሠራው በፒክስል ሳይሆን በቬክተር፣ ማለትም በሒሳብ በሚገለጹ መስመሮችና ቅርጾች፣ ነው፤ በእርሱም ክሊፒንግ ማስክ ሲሠራ ቅርጹ የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ቀለሙና ሥዕሉ ከሥሩ ይሆናሉ፤ ልክ እንደ ጆንያው ስቴንስል ማለት ነው። ቅርጽ የሚሆነውም ነገር የራሱን ቀለምና የዳር መስመር ያጣል። ከታብሌት የተሻገረ ሰው ሌየሮቹን በለመደው ቅደም ተከተል ደርድሮ ፊደሉ ሲሰወርበት የፕሮግራሙ ብልሽት ይመስለዋል። መጠኑም ቀድሞ መታሰብ አለበት፤ 3 ሜትር የሚረዝም ባነር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢሠራ ርዝመቱ ከ35,000 ፒክስል ያልፋል፤ ሸራው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ታብሌቱ የሚፈቅደው የሌየር ብዛት ይቀንሳል፤ ለሚታሰሩት ሌየሮችም ቦታ ይጠፋል። ከሩቅ ለሚነበብ ባነር 100 ዲፒአይ፣ ማለትም 12,000 ፒክስል ገደማ፣ ይበቃል። ለማተሚያ ቤቱ የተዋሐደውን ምስል እሰጣለሁ፤ ሌየሮቹ ተለያይተው የሚቀመጡበትን የፒኤስዲ ፋይል ግን እኔው ዘንድ አስቀራለሁ።