ነዳጅ በሳልሞን መራባት ላይ የሚያደርሰው «የዘገየ ጉዳት» ምንድን ነው?

«የዘገየ ጉዳት» የሚባለው፣ ዓሣው ለነዳጅ በተጋለጠበት ጊዜ ሳይሞት ቀርቶ ችግሩ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በዕድገቱና በመራባቱ ላይ ሲገለጥ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ፣ ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ፣ ከፊሉ ሮዝ ሳልሞን እንቁላሉን በሚጥልበት የጅረቶች መዳረሻ ጠጠር ውስጥ ሰረገ። እንቁላሉ የብርዱን ወራት በዚያው ጠጠር ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ ከነዳጁ ቀስ በቀስ የሚሟሙት ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች የተባሉት መርዛማ ውህዶች መጠናቸው አነስተኛ ቢሆንም እንኳ የፅንሱን ልብ አፈጣጠር ሊያዛቡ ይችላሉ። ደህና መስሎ የተፈለፈለው ጫጩትም (አሳሳቹ ነገር ይኸው ነው) ዕድገቱ ስለሚጓተት፣ ከባሕር ተመልሶ ለመራባት የመብቃት ዕድሉ ያንሳል። በተበከሉት ጅረቶች ከፍ ያለ የፅንስ ሞት እስከ 1993 ድረስ ተመዝግቧል፤ የውሃው ገጽ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ጠርቶ ነበር።