ሾተላይ ምንድን ነው? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚፈስ ደምና ያለቦታው ስለሚጠራ ስም

በቅርቡ አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ሲናገር፣ በ2 ወይም በ3 ወሯ ደም የታያት ነፍሰ ጡር ሁሉ «ሾተላይ ሊሆን ስለሚችል» አንቲ-ዲ የተባለውን የሾተላይ መከላከያ መርፌ ፈጥና እንድትወጋ መከረ። ይህን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም እንደመሆኔ፣ ቃሉ ያለቦታው ሲጠራ የሚያስከትለውን መዘዝ በየጊዜው ስለማይ፣ በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሾተላይ የሚለው ስም ከዘመናዊው ሕክምና የቀደመ ነው። የጸነሰችው የሚጨነግፍባት፣ ወልዳም ልጅ የማይቆይላት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር፤ ስሙ የሚገልጸው የደረሰባትን ሐዘን እንጂ የሐዘኑን ምክንያት አልነበረም። በኋላ ግን እኛ ሐኪሞች ይህንኑ ሰፊ ስም ወስደን፣ የእናትና የጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ለሚያመጣው አንድ የተወሰነ ሕመም ሰጠነው። ስለዚህ ለግራ መጋባቱ ተጠያቂው ተንታኙ ብቻ አይደለም።

በሕክምናው ትርጉም ሾተላይ የሚባለው፣ እናቲቱ አር ኤች ኔጋቲቭ (አር ኤች የተባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴሎቿ ላይ የሌላት) ሆና ጽንሱ ከአባቱ አር ኤች ፖዘቲቭ ሲወርስና የጽንሱ ደም ወደ እርሷ ደም ሲገባ፣ ሰውነቷ ያንን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅበት የሚመጣው ሕመም ነው። ነገሩን በደም መመለስ ልማድ ማስረዳት ይቀለኛል። ቂም በአንድ ጀምበር አይበስልም። የሁለቱ ደም የሚነካካው አብዛኛውን ጊዜ በወሊድ ሰዓት በመሆኑ፣ የእናት ሰውነት ቂሙን ቋጥሮ እስኪጨርስ የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ተወልዶ ከደጇ ወጥቷል፤ ዕዳው የሚወርደው ቀጥሎ በሚጸነሰው ላይ ነው። ያ ልጅ ቀይ የደም ሴሎቹ እየፈረሱበት የደም ማነስ ይይዘዋል፣ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ከተወለደም በኋላ ብርቱ ቢጫነት ይታይበታል፤ ሲከፋም በማህፀን እንዳለ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚታየው ግን በአመዛኙ ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ ነው። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አንቲ-ዲ የተባለው መርፌ ደግሞ ቂም ሳይቋጠር የሚደርስ ሽማግሌ ነው፤ ከተቋጠረ በኋላ ቢመጣ የሚፈታው ነገር የለም። (እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ መርፌው አያስታርቅም፤ የጽንሱን ሴሎች የእናት ሰውነት ልብ ሳይላቸው ከመንገድ ያስወግዳቸዋል።)

እንግዲህ ተንታኙን የምጠይቀው፣ ጠብ ሳይጀመር የሞተን ሰው ደም መላሽ ገደለው ይባላልን? ለመጀመሪያ ጊዜ ጸንሳ በ8ኛው ሳምንት የጨነገፈባት ሴት ሰውነት ገና የቋጠረው ቂም የለም። ከዚህ በፊት የማይስማማ ደም ተሰጥቷት ከሆነ አስቀድሞ ቂም ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሳላነሳ እንዳልፍ አይፈቅዱልኝም። ሆኖም ያኔም ቢሆን ሕመሙ ጽንስን በ8 ሳምንት የማጨንገፍ ጠባይ የለውም። ታውቀው ከተመዘገቡ እርግዝናዎች ከመቶ ከ10 እስከ 20 ያህሉ ይጨነግፋሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚጨነግፉት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ሲፈጠሩ ጀምሮ የክሮሞዞም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። ሁለት ጊዜ በ2 ወሯ ጨንግፎባት «ሾተላይ ነሽ» ተብላ ከትዳሯ ልትፈናቀል የደረሰች አንዲት ሴት መርምሬ አውቃለሁ፤ የደም ዓይነቷ ቢ ፖዘቲቭ ነበር።

የተሳሳተው ስም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ትክክለኛውን ጥያቄ ስለሚያስረሳ ነው። ደም የታያት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያ ልትጠይቅ የሚገባት ጽንሱ በማህፀን ውስጥ ነውን ብላ ነው። ከማህፀን ውጭ ያረፈ እርግዝና ሲፈነዳ ወደ ሆድ ውስጥ በሚፈስ ደም ሕይወት ያሳጣል፤ ስለዚህ ባንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ፣ በውጭ የሚታየው ደም ነጠብጣብ ብቻ ቢሆንም ለነገ የሚባል አይደለም። ሁለት ሙሉ ሞዴስ በአንድ ሰዓት እየራሰ ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

እነዚህ ከሌሉ ግን ችኮላ ራሱ ስሕተት ያመጣል። ደም ከታያቸው ሴቶች ብዙዎቹ እርግዝናቸው ጸንቶ ይወልዳሉ። በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የጽንሱ ርዝመት 7 ሚሊሜትር ደርሶ የልብ ምት ካልታየ፣ ወይም ጽንሱ የሚያድግበት ከረጢት በአማካይ 25 ሚሊሜትር ሞልቶ ባዶ ከሆነ እርግዝናው አልቀጠለም ይባላል፤ ልኩ ከዚያ ካነሰ ቢያንስ 7 ቀን ጠብቆ መድገም እንጂ ዛሬውኑ ጠረጋ ማዘዝ ተገቢ አይደለም። የወር አበባዋን ቀን የሳተች ሴት ጽንሷ ከተቆጠረው ሳምንት ያነሰ ሊሆን ይችላልና። አልጋ ላይ መዋል ጽንስን እንደሚያጸና የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ሠርታ ወይም ደንግጣ ስለነበር ነው የሚለውም ወቀሳ መሠረት የለውም።

መጨንገፉ ከተረጋገጠ በኋላ ሦስት መንገድ አለ፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ሰውነት ራሱ እስኪያወጣው መጠበቅ፣ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ሚሶፕሮስቶል የተባለ መድኃኒት መውሰድ፣ ወይም በእጅ በሚሠራ መምጠጫ ማህፀኑን ማጽዳት። ብዙ ደም እየፈሰሰ ወይም ኢንፌክሽን ኖሮ መጠበቅ አይፈቀድም፤ ከዚያ ውጭ ምርጫው የሴቲቱ ነው።

መርፌውን በተመለከተ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ12 ሳምንት በታች ላለ ውርጃ አንቲ-ዲ እንዲሰጥ አይመክርም፤ በአንጻሩ በመሣሪያ ከተጸዳ በዚያም ዕድሜ ይሰጥ የሚሉ አገሮች ስላሉ፣ ሐኪሟ ቢያዝላት ተሳሳተ አልልም። መርፌው የማይታለፍባቸው ጊዜያት ሌሎች ናቸው፤ በ28ኛው ሳምንት፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ከሚደርስ መጨንገፍ ወይም ደም መፍሰስ ቀጥሎ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲወለድም በ72 ሰዓት ውስጥ። ባልየውም ኔጋቲቭ ከሆነ፣ አባትነቱ እስካላጠራጠረ ድረስ፣ የሚያሰጋ ነገር የለም። ያም ሆነ ይህ፣ ኔጋቲቭ የሆነች እናት መርፌውን ከመወጋቷ በፊት የኩምብስ ምርመራ ይሠራላት፤ ቂሙ ቀድሞ ተቋጥሮ እንደሆነ የሚነግረን እርሱ ነው፣ ከሆነም ገንዘቧን በመርፌ ላይ ከማጥፋት ይልቅ ጽንሱን በአልትራሳውንድ ወደሚከታተል ስፔሻሊስት ትላካለች።